የፕሮኩዲን-ጎርስኪን ሦስት ክፈፎች ስደርብ ጠርዙ ለምን ቀለም ያወጣል?

ጥያቄው፦ «በ1911 የተነሣውን የቡኻራ አሚር ፎቶ ከአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ አወረድኩ። ፋይሉ ግን ባለቀለም አይደለም፤ ቁልቁል የተደረደሩ ሦስት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ናቸው። እኩል ሦስት ቦታ ቆርጬ በጊምፕ (በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻናል ውስጥ በተርታ ሳስገባቸው የሰውየው ፊት ሰማያዊ፣ ካባው ዝገት የመሰለ ሆነ። ጠርዙ ሁሉ ደግሞ በአንድ ወገን ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ ጥላ አወጣ። ምን አጠፋሁ? ለመሆኑ ቀለሙ የዚያን ጊዜ ነው ወይስ በኋላ የተቀባ? በዚሁ ዘዴስ የሀገራችንን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ወደ ቀለም መመለስ ይቻላል?»

ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች ናቸው የተደራረቡብዎ። አንደኛው በአንድ ደቂቃ ይታረማል፤ ሁለተኛው ትዕግሥት ይፈልጋል። ከቀላሉ ልነሣ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊቱ ሰማያዊ የሆነው ቅደም ተከተሉ ስለተገለበጠ ነው። ኮምፒውተር ቀለሞቹን «ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ» እያለ ስለሚጠራ ሁሉም ሰው የላይኛውን ክፈፍ ቀይ አድርጎ ይጀምራል። ፎቶውን ያነሣው የሩሲያዊው ፎቶ አንሺ የፕሮኩዲን-ጎርስኪ መስታወት (በዚያ ዘመን በፊልም ፈንታ ብርሃን የሚይዝ የጄላቲን ሽፋን ያለው መስታወት ነበር) ግን በተቃራኒው ነው፦ የላይኛው በሰማያዊ ፊልተር (ባለቀለም ማጣሪያ)፣ መካከለኛው በአረንጓዴ፣ የታችኛው በቀይ ፊልተር የተነሣው ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ያወረዱትን ፋይል ሳይነኩ የአሚሩን ካባ ብቻ ከላይ እስከ ታች ይመልከቱ። በላይኛው ክፈፍ ላይ ካባው የነጣ ነው፤ ሐሩ ብርሃን የሚረጭ ይመስላል። መካከለኛው ላይ ይጠቁራል። የታችኛው ላይ ጥቁር ሊባል ምንም አልቀረውም። ይኸው ነው ቀለሙ። ሰማያዊ ጨርቅ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚመልስ በሰማያዊው ክፈፍ ደመቀ፤ ቀይ ብርሃን ስለማይመልስ በቀዩ ክፈፍ ጨለመ። ቆዳ ደግሞ ከሰማያዊ ይልቅ ቀይ ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልስ ፊቱ የታችኛው ክፈፍ ላይ ነው የሚፈካው። ላይና ታቹን ሲያለዋውጡ ፊት ሰማያዊ፣ ካባ ዝገት መሆኑ የግድ ነው። ከቤት ውጭ የተነሣ ፎቶ ከሆነ በጠራ ሰማይ ይለዩት፤ ሰማዩ የነጣበት ሰማያዊው ክፈፍ፣ የጠቆረበት ቀዩ ነው።

የጠርዙን ነገር ለመረዳት ግን ፎቶው እንዴት እንደተነሣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰርጌይ ሚኻይሎቪች ፕሮኩዲን-ጎርስኪ (1863–1944) ዘዴውን ከባዶ የፈጠረው ሰው አይደለም። ሐሳቡ የስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ የጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው፤ እሱ በ1861 ለንደን ላይ አንድን ባለመስመር ሪባን በሦስት ፊልተር አስነሥቶ፣ ሦስቱን ሥዕል በሦስት ፊልተር አሳልፎ አንድ ሸራ ላይ አንጸባርቆ አሳየ። ችግሩ የዘመኑ መስታወት ለቀይ ብርሃን ዕውር መሆኑ ነበር። ብርሃን የሚይዘው የመስታወቱ የብር ጨው፣ ብር ብሮማይድ፣ በተፈጥሮው የሚነካው በሰማያዊ፣ በወይን ጠጅና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። የማክስዌል «ቀይ» ክፈፍ እንዴት ሊሠራ እንደቻለ የታወቀው ከ100 ዓመት በኋላ ነው፤ ቀዩ ጨርቅ አልትራቫዮሌትም ይመልስ ነበር፣ ፊልተሩም ያሳልፈው ነበር። እንዲሁ ዕድል ቀንቶት ነው።

ቀይን በትክክል ለማየት መስታወቱን ማከም ያስፈልጋል። በ1873 ጀርመናዊው ኸርማን ፎገል ጄላቲኑ ላይ ቀለም ሲጨመር የብር ጨው ቀድሞ ለማያየው ብርሃንም እንደሚነቃ ደረሰበት። በ1902 በርሊን ውስጥ አዶልፍ ሚተ ከአርቱር ትራውበ ጋር ኤቲል ሬድ የሚባለውን ማቅለሚያ አወጣ፤ በዚህ የታከመ መስታወት ከሰማያዊ እስከ ቀይ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ፕሮኩዲን-ጎርስኪ በዚያው ዓመት ሚተ ዘንድ ሄዶ ተማረ፤ በኋላም የራሱን ማቅለሚያ አበጀ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ተራ መስታወት ቀይን ስለማያይ በቀይ መብራት ሥር እያዩት ይታጠባል። ቀይን የሚያይ መስታወት ግን በቀይ መብራትም ይቃጠላል፤ መጫኑም ማጠቡም በድቅድቅ ጨለማ ነው። ቄሳር ዳግማዊ ኒኮላስ በግንቦት 1909 ጻርስኮዬ ሴሎ በሚባለው ቤተ መንግሥታቸው ሥራውን አይተው ከፈቀዱለት በኋላ የተሰጠው የባቡር ፉርጎ ጨለማ ክፍል የተገጠመለት መሆኑ ለምቾት አልነበረም። ኡራል ተራራ ሥር ወይም ቱርኪስታን በረሓ ላይ ድቅድቅ ጨለማ ከየት ይመጣል? ያለ ፉርጎው ሥራው አይሠራም ነበር።

ካሜራው ከሚተ ካሜራ ወገን ነው፦ አንድ ሌንስ፣ ከኋላው ቁልቁል የሚንሸራተት መያዣ። መያዣው ውስጥ ወርዱ 9፣ ቁመቱ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ረጅም መስታወት አለ። በመጀመሪያው ፊልተር አንድ ሦስተኛው ይነሣል፣ መያዣው አንድ እርከን ይወርዳል፣ በሁለተኛው ፊልተር መካከለኛው ይነሣል፣ እንደገና ይወርዳል፣ ሦስተኛው ይነሣል። ፊልተር ሁሉ እኩል ብርሃን አያሳልፍም፤ መስታወቱም ለሁሉም ቀለም እኩል አይነቃም። ስለዚህ ለሰማያዊው አጭር፣ ለቀዩ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣል። በ1908 ያስናያ ፖልያና ሄዶ ሊያነሣው ለፈለገው ለደራሲው ለሌቭ ቶልስቶይ በጻፈው ደብዳቤ ፎቶው ከ1 እስከ 3 ሴኮንድ እንደሚፈጅ ገልጾለታል። ይህ በጥሩ ብርሃን ነው፤ ቤት ውስጥና በደመና ከዚያ በጣም ይረዝማል።

ስለዚህ እጅዎ ላይ ያሉት ሦስት ክፈፎች የአንድ ቅጽበት አይደሉም። ተከታታይ ሦስት ቅጽበቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ከባድ መስታወት የያዘ መያዣ ሁለት ጊዜ ወርዶ «ቋ» ብሎ ቆሟል። ሌንሱ አንድ በመሆኑ የጎን እይታ ልዩነት የለም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሦስት ሌንስ ቢሆን ኖሮ ቅርቡና ሩቁ በአንድ ላይ ፈጽሞ አይገጥምም ነበር። የቀረው ስሕተት ሁሉ ግን አለ፤ የሚለየውም በቀለሙና በአቅጣጫው ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉን አስተካክለው እንደገና ይደርቡና በፕሮግራሙ 100 በመቶ አቅርበው ጠርዞቹን ያንብቡ። ጠርዙ በአንድ ወገን ቀይ፣ በሌላው ወገን ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ ከሆነ የተንሸራተተው ቀዩ ክፈፍ ነው። እርስዎ «አረንጓዴ» ያሉት ይኼው ይመስለኛል፤ አረንጓዴና ሰማያዊው በአንድ ላይ ሲቀሩ የሚወጣ ቀለም ነው። በአንድ ወገን አረንጓዴ፣ በሌላው ሐምራዊ ከሆነ አረንጓዴው ነው የሳተው። ሰማያዊና ቢጫ ከሆነ ሰማያዊው። ሁለቱ ከሳቱ ቀለሞቹ ይደባለቃሉ፤ ያን ጊዜ አንዱን ክፈፍ አጥፍተው ሁለት ሁለቱን ብቻ ይግጠሙ።

ቀጥሎ የጥላውን ስፋት ከቦታ ቦታ ያወዳድሩ። በፎቶው ሁሉ ላይ እኩል ስፋትና አንድ አቅጣጫ ካለው ቀላል መንሸራተት ነው፤ መያዣው ልክ አንድ ሦስተኛ አልወረደም፣ ወይም እርስዎ እኩል ሦስት ቦታ ሲቆርጡ መስመሩ ክፈፉ ላይ አልገጠመም። መሐሉ ገጥሞ አራቱ ማዕዘን ላይ ጥላው ወደ ውጭ ከወጣ የመጠን ልዩነት ነው፤ የዚያ ዘመን ሌንስ ቀይና ሰማያዊ ብርሃንን በትክክል አንድ መጠን አድርጎ አይጥልም። በግራ በኩል ወደ ላይ፣ በቀኝ በኩል ወደ ታች ከሆነ ክፈፉ ዞሯል። በመስታወቱ ዳር ብቻ እንደ ማዕበል የሚጣመም ከሆነ የጄላቲኑ ሽፋን ከመስታወቱ ለቆ ተንሻፏል ማለት ነው፤ እሱን በቦታው መጎተት እንጂ ክፈፉን በሙሉ ማንቀሳቀስ አይፈታውም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ከታየ ግን፣ ለምሳሌ ግድግዳው ገጥሞ አንድ ሰው ብቻ ሦስት ጥላ ካለው፣ ምንም አልተሳሳቱም፤ ሰውየው ተንቀሳቅሷል። ፕሮኩዲን-ጎርስኪ ራሱን ካሮሊትስኻሊ ወንዝ ዳር ባነሣበት ፎቶ ላይ ድንጋዩም ልብሱም ንጹሕ ሆኖ ውኃው ብቻ ቀስተ ደመና ያወጣል። ያንን «ማረም» የሚሞክሩ አሉ። ተዉት፤ በሦስቱ ቅጽበቶች ውኃው ሦስት ቦታ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ትልቁን የቲፍ ፋይል ያውርዱ እንጂ ትንሹን ጄፔግ አይንኩ፤ ትልቁ 3700 በ9600 ፒክስል አካባቢ ነው። በጊምፕ ሲከፍቱ ባለ16 ቢት (የብርሃን ደረጃዎቹ ብዛት መለኪያ) መሆኑን እንዳይቀይር ይጠንቀቁ። በ8 ቢት ላይ ኋላ ከርቭ (የብርሃን ማስተካከያውን መስመር) ሲጎትቱ ሰማዩ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ሦስቱን ክፈፎች በአንድ ልክ መጠን ባለው መምረጫ፣ ጥቁሩን ጠርዝ እንደያዙ ይቁረጡና በአንድ ፋይል ውስጥ እንደ ሦስት ሌየር (ተደራራቢ ሥዕል) ያስቀምጡ። የድረ ገጹ ፋይል ወደ ፖዘቲቭ የተመለሰ ነው፤ ከሌላ ቦታ ያገኙት ኔጋቲቭ (ብሩሁ ጨለማ፣ ጨለማው ብሩህ የሆነበት) ከሆነ ግን መጀመሪያ ይገልብጡት፤ አለዚያ ቀለሙ ሁሉ ተቃራኒው ይወጣል።

አረንጓዴውን ቋሚ ያድርጉ። ብዙውን የሥዕሉን ዝርዝር የሚይዘው እሱ ነው፤ ጥራቱም ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ይሻላል። ከዚያ የቀዩን ሌየር ስልት ወደ «ዲፈረንስ» ይቀይሩ። ሁለቱ ሲገጥሙ ሥዕሉ ይጠቁራል፣ ሲለያዩ ጠርዞቹ ነጭ መስመር ሆነው ይታያሉ። በማንቀሳቀሻው መሣሪያ እስኪቃረብ ድረስ ይግፉት፤ የመጨረሻዎቹን በኪቦርድ ቀስት አንድ አንድ ፒክስል። በአሚሩ ፎቶ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ካባውን እያዩ አይግጠሙ። በአንዱ ክፈፍ ነጭ፣ በሌላው ጥቁር ስለሆነ ምን ቢያደርጉ «ዲፈረንስ» ላይ አይጠቁርም። ከኋላው ያለውን የእንጨት በር መስመር፣ የሰይፉን እጀታ፣ ደረቱ ላይ ያሉትን ኒሻኖች ይከተሉ፤ እነዚህ በሦስቱም ክፈፍ ስለታም ጠርዝ አላቸው።

ስንት ፒክስል ይጠበቃል? ፋይሉን እኩል ሦስት ቦታ ቆርጠው አረንጓዴውን ቋሚ ካደረጉ በዚህ ፎቶ ላይ ሰማያዊውና ቀዩ በተቃራኒ አቅጣጫ እያንዳንዳቸው በቁመት ወደ 50 ፒክስል ወይም ከዚያ በላይ መሄድ አለባቸው፤ ወደ ጎንም በአሥሮች የሚቆጠር ፒክስል። ስለዚህ «ትንሽ ነካ አድርጌው እምቢ አለ» የሚል ሰው ገና ግማሽ መንገድ አልሄደም። መንሸራተቱን ከጨረሱ በኋላ ማዕዘኖቹን ያዩና መዞር ካለ ከአንድ ዲግሪ በታች በሆነ ማዕዘን፣ መጠን ካለ ደግሞ ከአንድ በመቶ በታች በሆነ ልክ ያስተካክሉ። ከዚያ በላይ ከጠየቀዎ የገጠሙት ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ ይመለሱ።

ሦስቱም ሲገጥሙ የሌየሮቹን ስልት ወደ መደበኛ መልሰው በቀለም ማውጫው ውስጥ «ኮምፖዝ» የሚለውን ይምረጡና ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብለው እያንዳንዱን በቦታው ይመድቡ። ፎቶሾፕ ካለዎት በቀጥታ ቻናሎቹ ውስጥ ለጥፈው አንዱን ቻናል ብቻ መርጠው ሌሎቹን እያዩ መግፋት ይችላሉ፤ ቀለሙ ሲሰበሰብ በዓይን ስለሚታይ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ፕሮግራም መጻፍ ለሚችል ሰው ሥራው ራሱን እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ክፈፉን ወደ 1/16 አሳንሶ፣ በዚያ ላይ በየአቅጣጫው 15 ፒክስል ያህል እየገፉ የሚሻለውን መፈለግ፤ የተገኘውን በእጥፍ በሚያድጉ መጠኖች ላይ እያጠሩ መውጣት። ከየወገኑ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ከማወዳደሩ ማስወጣት ግዴታ ነው፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ፎቶውን ትቶ የመስታወቱን ጥቁር ዳር ይገጥማል። ሁለተኛው፣ ብርሃንን ከብርሃን አያወዳድሩ፤ የጠርዝ ሥዕል አውጥተው ጠርዝን ከጠርዝ ያወዳድሩ። ምክንያቱ የአሚሩ ካባ ነው፤ ብርሃን የሚያወዳድር ፕሮግራም ሁሌም የሚወድቀው በዚህ ፎቶ ላይ ነው።

ቆሻሻውንና ጭረቱን መቼ ያጸዳሉ? ወደ ቀለም ከቀላቀሉ በኋላ ከሆነ ፎቶዎ ሁሉ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይጠብቅዎታል። አንድ የአቧራ ቅንጣት በአንድ ክፈፍ ላይ ብቻ ስላለ የሚታየው በቀለም ነው። ገጥመው ከጨረሱ በኋላ፣ ግን ወደ ቀለም ከመቀላቀልዎ በፊት በየሌየሩ ላይ ያጽዱት። የጎደለው ቦታ ምን እንደነበረ ሁለቱ ክፈፎች ይነግሩዎታልና ከግምት ይሻላል።

የቀለሙ ሚዛን የመጨረሻው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚቸኩለውም እዚህ ነው። መጀመሪያ ሦስቱ የማይገናኙበትን ዳር ይከርክሙ፤ የቀረ ጥቁር ዳር ካለ አውቶማቲክ ማስተካከያው በእሱ ይለካና ፎቶውን ያበላሻል። ከዚያ ነጭ መሆን ያለበትን ነገር ይፈልጉ፤ በአሚሩ ፎቶ ጥምጥሙ፣ በሌሎቹ በኖራ የተቀባ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ። ጥላ ውስጥ ያለ በረዶና ደመና አይምረጡ፤ እነሱ በተፈጥሯቸው ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። በ«ሌቭልስ» (በነጭና በጥቁር ልክ ማስተካከያው) እያንዳንዱን ቻናል ለብቻ ወደዚያ ነጭ ያምጡ። ብዙ ጊዜ ነጩ ተስተካክሎ ጥላው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ሦስቱ ክፈፎች በአንድ መስታወት ላይ ስለሆኑ አብረው ታጥበዋል፤ በአንድ እጥበት ግን በሦስት ቀለም የተነሣ ሥዕል እኩል ኮንትራስት አያወጣም። ይህን «ሌቭልስ» አይፈታውም። «ከርቭ» ውስጥ ገብተው የመካከለኛውን ግራጫ በቻናል በቻናል መጎተት ነው። የቀለሙን ድምቀት ግን ባይጨምሩ ይመረጣል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞሩት ቅጂዎች አብዛኞቹ ሰማያቸው የተቀባ፣ ሣራቸው የሚጮኽ ነው፣ ከዚያም ሰው «ድሮ ቀለም እንዲህ ነበር» ይላል።

ሥራዎን የሚያመሳክሩበት ነገር አለ። ቤተ መጻሕፍቱ በ1948 ስብስቡን ከልጆቹ ገዝቶ፣ በ2001 ለአንድ ዐውደ ርእይ 122 ፎቶዎችን በዋልተር ፍራንክሃውዘር እጅ አንድ በአንድ አስገጥሟል፤ በ2004 ደግሞ 1,902ቱን ባለሦስት ክፈፍ መስታወቶች ብሌዝ አጉዌራ ኢ አርካስ በፕሮግራም አስገጥሟቸዋል። ሁለቱንም ያውርዱና ያወዳድሩ። የእጁ ሥራ ይበልጥ ያማረ፣ የፕሮግራሙ ይበልጥ ያልተነካካ ነው፤ የአንድ ፎቶ ሁለት ቅጂ ቀለሙ ሲለያይ ያያሉ።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ይወስደናል። ቀለሙ አልተቀባም። መስታወቱ ላይ ምንም ቀለም ባይኖርም ሦስቱ ክፈፎች ላይ ያለው የብርሃን ልዩነት በዚያው ቀን ከዚያው ካባ የመጣ ነው። ፕሮኩዲን-ጎርስኪ ራሱ ከኔጋቲቩ ላይ በቀጥታ ግንኙነት ፖዘቲቭ መስታወት አትሞ፣ ሦስት ሌንስ ባለው ፕሮጀክተር በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን አንድ ሸራ ላይ ደርቦ ነበር የሚያሳየው። ሸራው ላይ መግጠሙም ያኔ በእጅ ነበር፤ እርስዎ በቀስት ቁልፍ የሚያደርጉትን እሱ ሌንሶቹን በማንቀሳቀስ ያደርገው ነበር። በወረቀት ሲሆን ደግሞ ሦስቱ ኔጋቲቮች በቢጫ፣ በቀይና በሰማያዊ የማተሚያ ቀለም ይታተማሉ፤ የቶልስቶይ ፎቶ በ1908 ሕዝብ ዘንድ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ካባው ሰማያዊ፣ ቀበቶው ወርቃማ መሆኑ ማስረጃ ነው። ሰማያዊው በትክክል የትኛው ሰማያዊ ነው የሚለው ግን የእርስዎ ውሳኔ አለበት፤ የፊልተሮቹ ቀለምና የስክሪንዎ ቀለም አንድ አይደሉምና።

«በ1907 ሉሚየሮች ኦቶክሮም አውጥተው አልነበረም ወይ፣ ለምን በሦስት ክፈፍ ተቸገረ?» የሚል ይኖራል። ኦቶክሮም በቀለም የተነከሩ የድንች ስታርች ቅንጣቶችን መስታወቱ ላይ በትኖ በአንድ ማንሻ ይሠራል፤ ሩሲያ ውስጥም ደራሲው ሌዮኒድ አንድሬዬቭ በደንብ ተጠቅሞበታል። ግን ቅንጣቶቹ አብዛኛውን ብርሃን ይውጡታል፤ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሲያንጸባርቁት ይጨልማል። እያንዳንዱም መስታወት አንድ ብቻ ነው፣ ማባዛቱ አስቸጋሪ ነው። ፕሮኩዲን-ጎርስኪ የሚፈልገው በአዳራሽ ማሳየትና በማተሚያ ቤት ማባዛት ስለነበረ ለእሱ ሦስቱ ክፈፍ ይሻላል። ምርጫው ትክክል ነበር ባይ ነኝ።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ የሀገራችን ፎቶዎች። አይቻልም፤ ምክንያቱም አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንድ ክፈፍ ብቻ ነው። ለምሳሌ ሩሲያዊው ባለቅኔ ኒኮላይ ጉሚልዮቭ በ1913 ለሴንት ፒተርስበርግ የሰው ዘርና ባህል ሙዚየም ሐረር ድረስ መጥቶ ብዙ ፎቶ ይዞ ተመልሷል። ያ ዘመን ፕሮኩዲን-ጎርስኪ በቀለም የሚያነሣበት ዘመን ነው፤ የሐረሮቹ ግን በተለመደው መስታወት አንድ አንድ ጊዜ የተነሡ ናቸው። የአንዲት ሴት ሻሽ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ቀይም አረንጓዴም ሊሆን ይችላል፤ ሌላ የሚያመሳክሩበት ክፈፍ የለም። በኮምፒውተር የሚቀቡት ሁሉ ግምት ነው፤ ፕሮግራሙ ካያቸው ሌሎች ፎቶዎች ይገምታል እንጂ ከሐረር አይደለም። ቀብተው ከለጠፉም «የተቀባ» ብለው ይጻፉበት።

ዘዴውን በእጅዎ መሞከር ከፈለጉ ግን ዛሬ በጣም ቀሏል። ማንኛውም ፓንክሮማቲክ (ሁሉንም ቀለም የሚያይ) ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ የማይነቃነቅ ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ ሦስት ፊልተሮች ያስፈልጋሉ (ራተን የፊልተሮች መለያ ስም ነው)፦ ራተን 25 ቀይ፣ ራተን 58 አረንጓዴ፣ ራተን 47 ሰማያዊ። በዛሬ ፊልም ላይ ሦስቱም ከ2.5 እስከ 3 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) ያህል ብርሃን ይበላሉ፤ ያለ ፊልተር ለክተው ያንን ያህል ጊዜውን ይጨምሩ። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ወይም 11 ላይ ያቁሙ፤ በሰፊው ከፍተው ካነሡ ሰማያዊው ስለታም ሆኖ ቀዩ ይደበዝዛል። ፎከሱን አንዴ ካደረጉ አይንኩት፣ ፊልተር ሲቀይሩም ሌንሱን እንዳያዞሩ። ነፋስ ሲነፍስ ቅጠል ያለበትን ነገር ይተዉ። ከክፈፉ ጥግ ላይ ደግሞ ግራጫ ካርድ ያስቀምጡ፦ በሦስቱም ክፈፍ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ከርቩን ይጎትታሉ፣ ከዚያ ካርዱን ይከረክሙታል።